ራዲየስ፦ ሰው ከወጣ በኋላ የማይዘጋ ሴሽን፣ ወደ ኋላ የሚቆጥር ዳታ

ሰርቨር ጠባቂ ጻፈ፦ (ሰኞ ጠዋት)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ነው የምጠብቀው። ሦስት ሕንፃ፣ ወደ 40 የሚጠጉ የዋይፋይ አክሰስ ፖይንቶች፣ ኬብል የሚሰካባቸው 18 ስዊቾች። ድሮ ዋይፋዩ አንድ ፓስወርድ ብቻ ነበረው። ያንን ፓስወርድ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሥራ የለቀቀውም ያውቀዋል፣ ለአንድ ቀን የመጣው እንግዳም ያውቀዋል። እንቀይረው ስንል ደግሞ የሁሉም ሰው ስልክና ኮምፒውተር አንድ ላይ ይቋረጣል። ስለዚህ ማንም ሳይነካው ዓመታት አለፉ።

አሁን ሁሉንም ወደ አንድ የራዲየስ ሰርቨር አዙረነዋል፤ ማን ኔትወርኩ ውስጥ እንደሚገባ የሚወስንና የሚመዘግብ ሰርቨር ነው። ፕሮግራሙ ፍሪራዲየስ 3 ነው፣ ከኋላው ማይኤስኪውኤል የሚባል ዳታቤዝ አለ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና ፓስወርድ አለው። ኬብል የሚሰካውም በ802.1ኤክስ፣ ማለትም ማንነቱ ሳይረጋገጥ መስመሩ በማይከፈትበት ደንብ ነው የሚያልፈው። ማንነት የማረጋገጡ ክፍል ምንም አላስቸገረኝም። ሰው ሲለቅ አንድ ቦታ ላይ አካውንቱን እዘጋለሁ፣ በቃ።

ያስቸገረኝ አካውንቲንጉ ነው። ማን መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ስንት ዳታ ተጠቀመ የሚለው መዝገብ። ሦስት ነገር አለ።

አንደኛው፣ ለአንድ አካውንት በአንድ ጊዜ 2 መሣሪያ ብቻ ነው የፈቀድነው። አንዳንድ ሰዎች ጠዋት ሲመጡ ግን ሰርቨሩ ከተፈቀደው በላይ ገብታችኋል ብሎ ይመልሳቸዋል። ዳታቤዙን ሳይ ትናንት የተከፈተው ሴሽን (አንድ መሣሪያ ከገባበት እስከወጣበት ያለው መዝገብ) እስካሁን ክፍት ነው፤ የማብቂያ ሰዓቱ ባዶ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሦስት ጠዋት ተከታትላ ቢሮዬ ድረስ መጥታለች። በመጣች ቁጥር መስመሮቹን በእጄ እዘጋለሁ፣ እሷም ትገባለች፣ በማግስቱ ያው ነው። አራተኛ ጊዜ ስትመጣ የምላት ነገር የለኝም።

ሁለተኛው፣ በኬብል የተያያዘ ጭራሽ የማይጠፋ ኮምፒውተር አለ። ትናንት ከሰዓት መዝገቡ 3.9 ጊጋባይት ይል ነበር። ዛሬ ጠዋት 0.6 ይላል። ሴሽኑ ያው ነው፣ አልተቋረጠም። ዳታ እንዴት ወደ ኋላ ይቆጥራል?

ሦስተኛው፣ በሪፖርቱ መሠረት ሁሉም ሰው ከሚያወርደው ይልቅ የሚልከው ይበልጣል። ቪዲዮ ብቻ የሚያይ ሰው እንኳ።

ኃላፊዬ የወሩን አጠቃቀም በየክፍሉ ለይቼ እንድሰጠው ይፈልጋል። ራሴ ያላመንኩበትን ቁጥር ግን ለሰው መስጠት አልፈልግም። ከየት ልጀምር?


አዲስ ገቢ ጻፈ፦

አንደኛው ችግር እኔም ጋ አለ። በየጠዋቱ ሰርቨሩን ሪስታርት ባደርገውም ለውጥ የለውም። እየተከታተልኩ ነው።


የማታ ተረኛ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ ለዚህ አይጠቅምም። ክፍት የሆነው ሴሽን ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው፣ ሰርቨሩ ቢነሳም ያው መስመር እዚያው ይጠብቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራዲየስ ሰርቨር ተጠቃሚውን አያየውም። የሚያየው አክሰስ ፖይንቱ ወይም ስዊቹ የሚነግረውን ብቻ ነው። ሰው ሲገባ መሣሪያው «ስታርት» ይልካል፣ ሲወጣ «ስቶፕ» ይልካል። ስቶፕ ካልመጣ ለሰርቨሩ ያ ሰው አልወጣም። ዓመትም ቢሞላው አልወጣም።

ስቶፕ የማይመጣበት ምክንያት ብዙ ነው። አክሰስ ፖይንቱ መብራት ከተቋረጠበት ለመሰናበት ጊዜ የለውም። መልእክቱ የሚሄደው መድረሱን በማያረጋግጠው በዩዲፒ ስለሆነ መንገድ ላይም ሊጠፋ ይችላል። መልስ ካልመጣለት መሣሪያው ደጋግሞ መሞከር አለበት፣ አንዳንዱ ግን ሁለት ሦስቴ ሞክሮ ይተወዋል።

ሁለት ነገር አድርግ። መጀመሪያ ኢንተሪም አፕዴት አብራ። መሣሪያው ሰውዬው ገብቶ እያለ በየተወሰነ ደቂቃው «አሁንም እዚህ ነው፣ እስካሁን ይህን ያህል ተጠቅሟል» እያለ ይልካል። እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት ላይ እየዞርክ ማስተካከል አይጠበቅብህም፤ ሰርቨሩ ሰውዬውን ሲፈቅድለት በዚያው መልስ ውስጥ የኢንተሪሙን ርቀት በሰከንድ ጨምሮ መላክ ይችላል። ከ60 ሰከንድ በታች ማድረግ ክልክል ነው፣ ከ600 በታችም አይመከርም። እኔ 600 ነው የምጠቀመው። አነስተኛ ካደረግኸው 40 አክሰስ ፖይንት ዳታቤዝህን ያጨናንቅብሃል።

ከዚያ በየ10 ደቂቃው የሚሠራ አንድ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍ። ክፍት ሆኖ ለ30 ደቂቃ ያህል ምንም ድምፅ ያላሰማ ሴሽን ካለ ይዝጋው። ሦስት ኢንተሪም ተከታትሎ ከቀረ ሰውዬው የለም ማለት ነው።


ፓኬት አንባቢ ጻፈ፦

የማታ ተረኛ ያለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። ስክሪፕቱ ሴሽኑን ሲዘጋ የማብቂያ ሰዓቱን «አሁን» ብሎ እንዳይጽፍ። የመጨረሻው ኢንተሪም የመጣበትን ሰዓት ይጻፍ። አለበለዚያ ሰውዬው ያልነበረበትን ጊዜ ትቆጥርበታለህ። ሪፖርቱ ለኃላፊ የሚሄድ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። የዳታ መጠን የሚመዘገብበት ቁጥር 32 ቢት ነው። ከፍተኛው 4,294,967,295 ባይት። ከዚያ ሲያልፍ እንደ አሮጌ የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ፕሮቶኮሉ ሲሠራ ሰው በስልክ መስመር ሞደም ነበር የሚገባው። ሊቪንግስተን የተባለው ድርጅት በ1991 ነው ራዲየስን የሠራው። ያኔ በአንድ ሴሽን 4 ጊጋባይት ይጨርሳል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

በኋላ መፍትሔ ተጨምሮለታል። ጊጋወርድስ የሚባል ሌላ ቁጥር አብሮ ይላካል፣ ቆጣሪው ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚናገር። ስሌቱ ቀላል ነው። ጊጋወርድስ 3 ከሆነና ቆጣሪው 1,250,000,000 ካለ፣ 3 ጊዜ 4,294,967,296 ማለት 12,884,901,888 ነው፤ በላዩ 1,250,000,000 ስትደምርበት 14,134,901,888 ባይት ይሆናል። 14.1 ጊጋባይት ገደማ። ጊጋወርድሱን የረሳ ሰው ግን 1.25 ብቻ ነው የሚያየው።

ፍሪራዲየስ ይዞት የሚመጣው የኤስኪውኤል ጥያቄ (ዳታቤዙ ላይ የሚጽፍበት ትእዛዝ) ሁለቱን አጋጥሞ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ አንተ ጋ ወይ መሣሪያው ጊጋወርድስ አይልክም፣ ወይ ጥያቄውን የሆነ ሰው ነካክቶታል። ሰርቨሩን በዲበግ (የሚመጣለትን መልእክት ሁሉ በሚያሳይበት ሁኔታ) አስነሳውና ከዚያ ስዊች የሚመጣ አንድ ኢንተሪም አንብብ። ጊጋወርድስ የሚል መስመር አለው?

ሦስተኛው ችግር አይደለም፣ የቃል አለመግባባት ነው። «ኢንፑት» የሚለው ከመሣሪያው አንጻር ነው። ወደ አክሰስ ፖይንቱ የገባው ማለት ሰውዬው የላከው ነው። «አውትፑት» ደግሞ ሰውዬው ያወረደው። ሪፖርቱን ያዘጋጀው ሰው ገልብጦት ይሆናል። ስንቱ እዚህ ጋ እንደሚሳሳት ብነግርህ አታምነኝም።


ሰርቨር ጠባቂ ጻፈ፦ (ሰኞ ማታ)

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተፈቱ።

ዲበጉን አነበብኩ። ስዊቹ ጊጋወርድስ ይልካል፣ ያ ኮምፒውተር ጋ ቁጥሩ 1 ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ጥያቄውን በራሱ እጅ ነበር የጻፈው፣ ጊጋወርድሱን ሳያካትት። ወደ መጀመሪያው መለስኩት። የድሮውን ሪፖርትም ገለበጥኩት። አሁን ቪዲዮ የሚያየው ሰው ቪዲዮ የሚያይ ይመስላል።

ኢንተሪም ዋይፋዩ ላይ ጭራሽ አልበራም ነበር፣ ስዊቾቹ ላይ ብቻ ነው የነበረው። 600 አድርጌ ከሰርቨሩ ላኩት። ስክሪፕቱንም ነገ እጽፋለሁ።


ኬብል ሳቢ ጻፈ፦

ይህን ሁሉ ከማድረግ የእያንዳንዱን መሣሪያ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) መዝግቦ በዚያ መፍቀድ አይቀልም? እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ፓስወርድ የለ፣ ምን የለ።


የማታ ተረኛ ጻፈ፦

ድሮ ይቀል ነበር። አሁን ስልኮች እውነተኛ ማክ አድራሻቸውን አያሳዩም። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የራሱ የተፈበረከ አድራሻ ነው የሚሰጡት። ሰው ኔትወርኩን ከስልኩ አጥፍቶ እንደገና ሲገባ አድራሻው ሊቀየር ይችላል። ከዚያ ያንተ ዝርዝር ዋጋ የለውም።

ማክ አድራሻ ደግሞ ሚስጥር አይደለም። አየር ላይ በግልጽ ነው የሚሄደው። አጠገብ የተቀመጠ ሰው አይቶ መኮረጅ ይችላል። ለፕሪንተርና 802.1ኤክስ ለማይችል ዕቃ እጠቀምበታለሁ፣ እሱንም ቪላን በሚባል ለብቻው በተከለለ የኔትወርክ ክፍል ውስጥ። ለሰው ግን አልጠቀምም።


ኬብል ሳቢ ጻፈ፦

ገባኝ። ስልኮቹ በየጊዜው የሚጠፉብኝ ለካ ለዚህ ነው። ታዲያ ከተቀየረ አይቀር ዳያሜተር የሚባለው አዲሱ ፕሮቶኮል አይሻልም?


ፓኬት አንባቢ ጻፈ፦

ዳያሜተር የሞባይል ኦፕሬተሮች ዓለም ነው። ያንተ አክሰስ ፖይንት ራዲየስ ነው የሚያወራው። ስዊቹ ላይ ገብተው ትእዛዝ የሚጽፉትን ኔትወርክ ሠራተኞች ለመቆጣጠር ከሆነ ታካክስ ፕላስን እይ፤ ማን የትኛውን ትእዛዝ እንደጻፈ አንድ በአንድ ይመዘግባል። ተጠቃሚ ለማስገባት ግን ራዲየስ ጋ ቆይ።


ቁልፍ ያዥ ጻፈች፦

ስለ ሒሳቡ (አካውንቲንጉ) ስታወሩ ዝም ብዬ አነበብኩ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሰርቨር ጠባቂ፣ በሰርቨሩና በመሣሪያዎቹ መካከል ያለው የጋራ ሚስጥር ቃል ምንድን ነው? ቃሉን እዚህ እንዳትጽፈው። ለራስህ ብቻ መልስ። ለ40ውም አክሰስ ፖይንት አንድ ዓይነት ነው? ፍሪራዲየስ ለሙከራ ይዞት የሚመጣው ቃል እንዳለ ነው?

ብዙ ሰው ራዲየስ ራሱ የተመሰጠረ ይመስለዋል። አይደለም። በተለመደው መንገድ ሲሄድ የሚሸፈነው የፓስወርዱ ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም ኤምዲ5 በሚባል የድሮ የመፍጫ ቀመር እና በዚያ የጋራ ቃል። የተጠቃሚው ስም፣ የመሣሪያው አድራሻ፣ የሒሳቡ መዝገብ በሙሉ በግልጽ ነው የሚያልፈው። ቃሉ ደካማ ከሆነ ትራፊኩን የቀዳ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በግምት ሊያገኘው ይችላል።

ሁለተኛ ነገር። በሐምሌ 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብላስት-ራዲየስ የተባለ ድክመት ይፋ ሆኗል። በመሣሪያውና በሰርቨሩ መካከል መቆም የቻለ ሰው የሰርቨሩን «አይገባም» ወደ «ይግባ» መለወጥ ይችላል። ፓስወርዱንም የጋራ ቃሉንም ሳያውቅ። በኤምዲ5 ድክመት ነው የሚሠራው። ኢኤፒ (802.1ኤክስ ማንነት የሚያረጋግጥበት ንግግር) የሚጠቀም ዋይፋይ በዚህ አይጠቃም፣ ምክንያቱም ኢኤፒ ያለበት መልእክት ሁሉ ሜሴጅ-ኦተንቲኬተር የሚባል ማኅተም የግድ አለው። አደጋው ያለው ኢኤፒ የሌለበት ቦታ ነው። በማክ አድራሻ የሚገቡት ፕሪንተሮች፣ በተራ ፓስወርድ የሚገባ ቪፒኤን። ስለዚህ ሰርቨሩን አሻሽል፣ ያ ማኅተም የሌለው ጥያቄ ሲመጣ እንዲጥል አድርግ። መጀመሪያ ግን መሣሪያዎችህ ማኅተሙን መላክ እንደሚችሉ አረጋግጥ፣ አለዚያ ሁሉንም ሰው በአንድ ጠዋት ትዘጋበታለህ።

ትራፊኩ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በሌላ ሰው መስመር የሚያልፍ ከሆነ ራድሴክን ተጠቀም። ራዲየስን ቲኤልኤስ በሚባል ምስጠራ ውስጥ ጠቅልሎ የሚወስድ ነው፣ በቲሲፒ ፖርት 2083። መሣሪያዎችህ ካልቻሉ በየሕንፃው አንድ ትንሽ አስተላላፊ ሰርቨር (ፕሮክሲ) አስቀምጠህ ረጅሙን መንገድ በራድሴክ ማሻገር ትችላለህ።


ሰርቨር ጠባቂ ጻፈ፦

እውነቱን ልናገር፣ አንድ ቃል ነው። የሙከራው ቃል ባይሆንም አጭር ነው፣ ለሁሉም አንድ። ደነገጥኩ። በዚህ ሳምንት ለእያንዳንዱ ረጅም የዘፈቀደ ቃል እሰጣለሁ። ቁልፍ ያዥ፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።


አዲስ ገቢ ጻፈ፦

ከርዕሱ ትንሽ ወጣሁ፣ ይቅርታ። የእኛ ተጠቃሚዎች ኤልዳፕ በሚባል የተጠቃሚዎች ማውጫ ውስጥ ናቸው፣ ፓስወርዳቸው ቢክሪፕት በሚባል መፍጫ ተፈጭቶ ነው የተቀመጠው። ከትእዛዝ መስመር ስሞክረው ይገባል። ከስልክ ፒኢኤፒ በሚባለው የዋይፋይ መግቢያ መንገድ ስሞክረው ሁልጊዜ አይገባም። ፓስወርዱ ያው ነው። ሁለት ሳምንት ለፋሁበት።


ቁልፍ ያዥ ጻፈች፦

ወንድሜ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሆን ሁለት ዓመትም ብትለፋ አይሠራም። ጥፋቱ ያንተ አይደለም።

ከትእዛዝ መስመር ስትሞክር ፓስወርዱ ራሱ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል። ሰርቨሩ በቢክሪፕት ፈጭቶ ከተቀመጠው ጋር ያነጻጽረዋል። በፒኢኤፒ ጊዜ ግን ውስጥ ያለው ኤምኤስ-ቻፕ 2 ነው። ስልኩ ፓስወርዱን አይልክም፤ ከፓስወርዱ የተሰላ መልስ ነው የሚልከው። ሰርቨሩ ያንን መልስ ለማረጋገጥ ወይ ፓስወርዱን ራሱን ወይ ኤንቲ ሃሽ የሚባለውን ሌላ ፍጩን ማወቅ አለበት። ቢክሪፕት ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ከእሱ ኤንቲ ሃሽ ማውጣት አይቻልም።

መውጫው ሁለት ነው። ኢኤፒ-ቲቲኤልኤስ ተጠቀምና ውስጡ ፒኤፒ ይሁን፤ ፓስወርዱ በቲኤልኤስ ዋሻ ውስጥ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል፣ ቢክሪፕትህም ይሠራል። ወይም ፓስወርድን ጭራሽ ተወውና ኢኤፒ-ቲኤልኤስ አድርግ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ሰርቲፊኬት (ዲጂታል መታወቂያ) ይኖረዋል። ሁለተኛው ሥራው ይበዛል፣ እኔ ግን እሱን ነው የምመርጠው። ፓስወርዶቹን ለዋይፋይ ሲባል ወደ ኤንቲ ሃሽ እንዳትቀይራቸው፣ እለምንሃለሁ። ያ ዳታቤዝ አንድ ቀን ቢሰረቅ ብዙዎቹ በአጭር ጊዜ ይሰበራሉ።

ቲቲኤልኤስ ከመረጥክ ስልኮቹ የሰርቨሩን ሰርቲፊኬት እንዲያረጋግጡ አስገድዳቸው። ካላረጋገጡ ማንም ሰው በተመሳሳይ ስም ዋይፋይ ከፍቶ ፓስወርዱን በግልጽ ይቀበላል። ሌላ ጥያቄ ካለህ ለብቻው ክር ክፈትበት፣ እዚያ እንቀጥላለን።


አዲስ ገቢ ጻፈ፦

ከልቤ አመሰግናለሁ። እከፍታለሁ።


ሰርቨር ጠባቂ ጻፈ፦ (ረቡዕ)

ስክሪፕቱ ሠርቷል፣ ጠዋት ማንም አልመጣም። የሚገርመኝ ግን ስክሪፕቱ ሌሊቱን የዘጋቸው ሴሽኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሦስተኛው ሕንፃ ናቸው። ከሌሎቹ ሁለት ሕንፃዎች በሌሊት አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። ባልደረባዬም እዚያ ሕንፃ ነው የምትሠራው። ይሄ ምን ሊሆን ይችላል?


ፓኬት አንባቢ ጻፈ፦

ጥሩ አድርገህ አየህ። ስክሪፕቱ ቁስሉን ሸፈነው እንጂ አላዳነውም። ጥያቄ ልጠይቅህ፦

እዚያ ሕንፃ ማታ የሚጠፋ ነገር አለ? ሴሽናቸው ክፍት የሚቀረው ሰዎች መሣሪያቸውን ቢሮ ጥለው የሚሄዱ ናቸው ወይስ ይዘው የሚሄዱ? አክሰስ ፖይንቶቹ አድራሻቸውን ከየት ነው የሚያገኙት?


ሰርቨር ጠባቂ ጻፈ፦

አዎ፣ አለ። እዚያ ሕንፃ ማታ መብራት በሰዓት ቆጣሪ ነው የሚቋረጠው። አክሰስ ፖይንቶቹም አብረው ይጠፋሉ፣ ማለዳ ይነሳሉ። ይህን መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ፣ ከሒሳቡ ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝም።

ሁለተኛውን ጥያቄህን ይዤ ሄጄ ባልደረባዬን ጠየቅኳት። ላፕቶፗንና ታብሌቷን ጠረጴዛዋ ላይ ጥላ ነው ወደ ቤት የምትሄደው። ሁለቱም በርተው። ስልክና ላፕቶፕ ይዘው የሚወጡት ሰዎች ግን ችግር የለባቸውም።

አድራሻ የሚያገኙት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ከሚያድለው ከዲኤችሲፒ ነው።


የማታ ተረኛ ጻፈ፦

መብራቱ ሲቋረጥ ሁለት ሴሽን ሳይዘጋ ይቀራል። የተፈቀደላት ሁለት። ጠዋት ላፕቶፑ ሊገባ ሲል ቦታዋ ሞልቷል። ምስኪን፣ እሷ ምንም ያጠፋችው ነገር የለም።

ግን እኮ መሣሪያው ሲነሳ «አካውንቲንግ-ኦን» መላክ አለበት። «አሁን ተነሳሁ፣ በእኔ በኩል የነበረ ክፍት ሴሽን ሁሉ ይዘጋ» ማለት ነው። እሱ አይመጣም?


ሰርቨር ጠባቂ ጻፈ፦ (ሐሙስ ጠዋት)

ስክሪፕቱን ሌሊት አቁሜው ነበር። ዛሬ ማለዳ ከመብራቱ ቀድሜ ገብቼ የአካውንቲንጉን ትራፊክ በፖርት 1813 ቀዳሁት። አካውንቲንግ-ኦን ይመጣል! ከ14ቱ አክሰስ ፖይንት ሁሉም ልከዋል። ሰርቨሩም መልስ ሰጥቷቸዋል። ዳታቤዙ ላይ ግን አንድም ሴሽን አልተዘጋም። ምንም አልገባኝም።


ፓኬት አንባቢ ጻፈ፦

አንድ አክሰስ ፖይንት ምረጥ። ትናንት ማታ በነበረው ክፍት ሴሽን ላይ የተጻፈውን የመሣሪያ አይፒ አድራሻ እይ። ከዚያ ዛሬ ማለዳ አካውንቲንግ-ኦን የላከበትን አድራሻ እይ። አንድ ናቸው?


ሰርቨር ጠባቂ ጻፈ፦

አይደሉም!

የባልደረባዬ ክፍል በር ላይ ያለው አክሰስ ፖይንት ትናንት 10.20.4.31 ነበር። ዛሬ 10.20.4.57 ነው። 31ን ዛሬ ማንም አልያዘውም።


ፓኬት አንባቢ ጻፈ፦

ተገኘ ማለት ነው። አካውንቲንግ-ኦን ሲመጣ ፍሪራዲየስ «የማብቂያ ሰዓታቸው ባዶ የሆነ፣ የመሣሪያ አድራሻቸውም ይህ የሆነ ሴሽኖችን ዝጋ» የሚል ጥያቄ ነው የሚያስኬደው። አክሰስ ፖይንቱ በአዲስ አድራሻ ከመጣ በዚያ አድራሻ ስር የእሱ ሴሽን የለም። ሰርቨሩ ይፈልጋል፣ አያገኝም፣ እሺ ብሎ ይመልሳል። ስህተት ስላልሆነ ሎግ ላይም አይወጣም።

ሌሎቹ ሕንፃዎች ማታ ስለማይጠፉ አድራሻቸውን እያደሱ ይዘው ይቆያሉ። እዚህ ግን ሌሊት የዲኤችሲፒው ጊዜ ያልቅና ማለዳ ቀድሞ የተነሳ ቀድሞ ይወስዳል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ 31ን አንድ ቀን ሌላ አክሰስ ፖይንት ካገኘው፣ አካውንቲንግ-ኦን ሲልክ በ31 ስር ያለውን ይዘጋል። ያ የእሱ አይደለም። ማለዳ ቀድሞ የገባ ሰው ካለ በተሳሳተ መሣሪያ ሴሽኑ ሊዘጋ ይችላል። የወሩን መዝገብ በአክሰስ ፖይንት ከፋፍለህ ሰጥተህ ከነበር እንደገና እየው።

ለሁሉም አክሰስ ፖይንት ቋሚ አድራሻ ስጥ። በዲኤችሲፒ ሪዘርቬሽንም (ለአንዱ መሣሪያ ሁልጊዜ ያው አድራሻ እንዲሰጠው በማስያዝ) ይሆናል። ከመሣሪያው አይፒ በተጨማሪ ናስ-አይደንቲፋየር የሚባለውን ስም አብረው እንዲልኩ አድርግና በሠንጠረዡ ላይ አስቀምጠው። ስም አይቀያየርም።


የማታ ተረኛ ጻፈ፦

ስክሪፕቱን ግን እንዳታጠፋው። አካውንቲንግ-ኦን ሴሽኑን የሚዘጋው ማለዳ በተነሳበት ሰዓት ነው፤ ሌሊቱ በሙሉ እንደ ቆይታ ይቆጠራል። ስክሪፕቱ ቀድሞ በመጨረሻው ኢንተሪም ሰዓት ከዘጋው መዝገቡ ትክክል ይሆናል።

ሌላው፣ የቆጠራ ጥያቄውንም አሻሽለው። ሰርቨሩ «ይህ ሰው ስንት ክፍት ሴሽን አለው» ብሎ ሲቆጥር አሁን ሊገባ የመጣውን ያንኑ መሣሪያ እንዳይቆጥረው አድርግ። በመሣሪያው ማክ አድራሻ ነው የምትለየው። ላፕቶፑ ራሱን ተወዳድሮ መሸነፍ የለበትም። ሰው ከአንዱ አክሰስ ፖይንት ወደ ሌላው ሲራመድም አዲሱ ጥያቄ ከድሮው ስቶፕ ቀድሞ የሚደርስበት ጊዜ አለ።


ኬብል ሳቢ ጻፈ፦

ከመከልከል የድሮውን ሴሽን ማስወጣት አይሻልም? አዲሱ ይግባ፣ የድሮው ይውጣ።


ቁልፍ ያዥ ጻፈች፦

ይቻላል። ሰርቨሩ ለመሣሪያው ዲስኮኔክት-ሪኩዌስት ይልካል፣ በዩዲፒ 3799። አቅጣጫው የተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሳ፤ ፋየርዎሉ ከሰርቨር ወደ አክሰስ ፖይንት ማሳለፍ አለበት። ከሰርቨሩ ውጪ ከማንም ግን አያሳልፍ።

እኔ እንደ ቦታው ነው የማየው። ለተራ ሠራተኛ አዲሱን ማስገባት ይሻላል፣ ሰው ሥራው አይቆምበትም። ሚስጥራዊ ነገር የሚነካ አካውንት ከሆነ ግን አዲሱን መከልከል ይሻላል። ፓስወርድ የሰረቀ ሰው ባለቤቱን አስወጥቶ መግባት የለበትም።

ሰርቨር ጠባቂ፣ የመጨረሻ ነገር። ያ ሠንጠረዥ ማን በስንት ሰዓት የትኛው በር አጠገብ እንደነበረ ይናገራል። ለኃላፊህ የምትሰጠው የክፍል ድምር ብቻ ይሁን። ስም ያለበትን ዝርዝር ማን ማየት እንደሚችል፣ ስንት ወር እንደሚቀመጥ አሁኑኑ በጽሑፍ አስወስን። ጥያቄው ከመጣ በኋላ ለመወሰን ይከብዳል።


ሰርቨር ጠባቂ ጻፈ፦ (በሚቀጥለው ሰኞ)

ለ14ቱም ቋሚ አድራሻ ሰጠኋቸው። ቀጥዬ የቀሩትንም ሁሉ። የጋራ ሚስጥር ቃሉ አሁን ለእያንዳንዱ የተለየ ነው፣ ሁለት ቀን ወሰደብኝ። የቆጠራ ጥያቄውንም ቀየርኩ።

ስክሪፕቱን ቅዳሜ ሌሊት እንደገና ሆን ብዬ አቁሜ ሞከርኩት። ማለዳ ላይ በሦስተኛው ሕንፃ የቀሩት ክፍት ሴሽኖች በሙሉ በአካውንቲንግ-ኦን ተዘግተዋል፣ ምክንያታቸውም «ናስ-ሪቡት»፣ አክሰስ ፖይንቱ ጠፍቶ ተነሳ፣ ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ስክሪፕቱን መልሼ አስነሳሁት።

ዛሬ ጠዋት ባልደረባዬ ጋ እኔ ነኝ የሄድኩት። ላፕቶፑን ከፈተች፣ ገባ። ታብሌቱም ገባ።

ሪፖርቱን በክፍል ድምር ብቻ አዘጋጅቻለሁ። ያለፈው ወር ቁጥር የተሳሳተ እንደነበረና ለምን እንደተሳሳተ አንድ ገጽ ጽፌ አብሬ አያይዤዋለሁ። ዝርዝሩን ማን ያያል የሚለውን በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፣ መልስ እየጠበቅኩ ነው።


አዲስ ገቢ ጻፈ፦

አሁን የእኔን አየሁት። የአክሰስ ፖይንቶቼ አድራሻ ከትናንት ወዲህ ሦስቱ ተቀያይረዋል። ማታ የሚጠፋ መብራት የለም፣ ግን የዲኤችሲፒው ጊዜ 1 ሰዓት ነው፣ ስዊቹም አርብ ተነስቶ ነበር። ነገ ጠዋት በሪዘርቬሽን እጀምራለሁ።